የሜቲን ቅጽ ከመሙላትህ በፊት

ጊምቢ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህን ተሻለህ ወይ? እማዬስ፣ ሜቲስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የነርስነት ትምህርቴም እየሄደልኝ ነው። ሰላምታውን ያስቀደምኩት አንተው ስላስለመድከኝ እንጂ ልቤ ሰላም ሆኖ አይደለም። በስልክ ስነግርህ "ኔትወርክ የለም" እያልክ ስለምትዘጋብኝ ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በጋሮማ ሚኒባስ ልኬልሃለሁ።

እማዬ ነገረችኝ። ሜቲን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየቀሰቀስክ ሜዳ ታወርዳታለህ አሉ። ለናይሮቢው የልጆች ቴኒስ ውድድር የልደት ካርድና ፓስፖርት ልታወጣላትም ቅጽ ይዘህ ገብተሃል። እህቴ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ አልበቃሁህም?

ለሰው የምታወራውን አውቃለሁ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ነቀምት ቡርቃ ጃቶ ትምህርት ቤት ጓሮ በገዛ እጁ ሜዳ ሠራ፤ ውሃ የሞላ በርሜል እያንከባለለ ቀዩን አፈር ጠቀጠቀ፤ መስመሩን በኖራ አሰመረ፤ የስድስት ዓመት ልጁን ሻምፒዮን ሊያደርግ ተነሣ። እውነት ነው፣ ሠርተሃል። የማታወራውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ከትምህርት በፊት ሁለት መቶ ሰርቭ፤ ኳሱ መረብ ከነካ እስከ ባሕር ዛፉ ደርሶ መልስ ሩጫ። ኳሶቻችን ጸጉራቸው አልቆ ራሰ በራ ሆነው ስለነበር፣ አዲስ አበባ የወሰድከኝ ጊዜ አዲስ ኳስ እንዴት እንደሚነጥር አላውቅም ነበር፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። የምጫወተው ከአንተና ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ብቻ ነበር። እጄ ውሃ ሲቋጥር በጨው ውሃ አጥበህ "ይጠነክራል" አልከኝ። የጓደኛዬ የሌሊሳ ልደት ቀረብኝ፣ የመዝሙር ልምምድ ቀረብኝ። አኮዬ ያረፈች ጊዜ፣ እማዬ ለእናቷ ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ፣ በሦስተኛው ቀን ራኬት አስያዝከኝ። ድንኳኑ ከአጥሩ ማዶ ስለነበር የእማዬ ዘመዶች ኳስ ስመታ ቁጭ ብለው አዩኝ። ያን እፍረት እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም።

አንድ ቀን እጅህን አላነሣህብኝም፤ ይህን እመሰክርልሃለሁ። ዝም ትላለህ እንጂ። ከተሸነፍኩ እስከ እሑድ አታናግረኝም፤ ገበታ ላይ ጨው እንዳቀብልህ እንኳ የምትጠይቀኝ በእማዬ በኩል ነበር።

ናይሮቢንማ እንዳሻህ ነው የምታወራው። "ፈርተዋት ሰበብ ፈለጉ" ትላለህ። ሰበቡን የሰጠሃቸው አንተ ነህ። የልደት ካርዴን ቅጽ ማንም አይነካውም ብለህ ራስህ ሞላኸው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በሚለው መስመር ላይ የእኛኑ 1999 ጻፍክበት። የሒሳብ አስተማሪ ሆነህ ሰባት ስምንት ዓመት መደመር አቃተህ። ፓስፖርቱም እንደጻፍከው ሆኖ ወጣ። ናይሮቢ ስንደርስ የውድድሩ መዝጋቢ አንዴ እኔን፣ አንዴ ፓስፖርቱን አየና፣ የሃያ ዓመት ሰው ከአሥራ አራት ዓመት በታች ካሉት ጋር አይጫወትም አለ። አንተ ጠረጴዛውን እየመታህ በአማርኛ ጮህክበት። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በነጭ ቀሚሴ አጠገብህ ቆሜያለሁ። አንድ ኳስ ሳልመታ ተመለስን። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ መንገዱም ተዘጋጋ፣ ራኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልከው።

ስድስት ዓመት ያንን ሰውዬ ስትረግም ኖርክ። "የእኔ ጥፋት ነው" ስትል ግን አንድ ቀን አልሰማሁህም። እማዬ ባለፈው ስትነግረኝ፣ የልደት ካርዴን ከሳጥን እያወጣህ ብቻህን ታየዋለህ አሉ። እየው ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። ይበልህ ብዬ ነው።

አሁን ግን ለሜቲ ስል አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብትቆጣም ተቆጣ። ፓስፖርቴ የደረሰው ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። "ያዥው፣ ያንቺ ነው" ብለህ በእጄ ሰጠኸኝ። በየቀኑ ትራሴ ሥር ነበር የሚያድረው፤ ስሜ ያለበትን ገጽ በቃሌ አውቀው ነበር። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ መቀየርን ደግሞ አራተኛ ክፍል ሳለሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስህተቱን ያኔውኑ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የሜቲን ቅጽ መጀመሪያ በእርሳስ ሙላው፤ ዓመቱን በእኔው ቅጽ ላይ እንዳደረግከው ተሳሳትበት። አደማመሩን አስተምራትና ወረቀቱን ስጣት፤ አንድ ሳምንት ከእሷ ጋር ይቆይ። "አባዬ፣ ተሳስተሃል" ብላ ሮጣ ከመጣች አስተካክለህ ውሰዳት፤ እኔም ነቀምት መጥቼ እሸኛችኋለሁ። ዝም ካለችህ ግን ራኬቱን ወደ ቦታው መልሰህ ስቀለው፤ ለምን ዝም አልሽ ብለህም አትጠይቃት።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያበርታልህ፤ ዕድሜ ይስጥህ። ለእማዬ "ኢንተሊ ኬ ነጋ ዳ" በልልኝ፤ ደህና መሆኔን በራሷ ቋንቋ ስትሰማው ደስ ይላታል።

ትልቋ ልጅህ