ለሐያት የላክኋቸው ባዶ ካርቶኖች

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ዳንግላ።
ጠዋት የቆጠርኩት፦ ሳሙና አራት ካርቶን፣ ዘይት ስድስት ጀሪካን፣ ባዶ ካርቶን ምንም።

የሐያት እናት፣ ዘይነብዬ፣ አላህ ይዘንልሽና ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሱቃችንን አረንጓዴ ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ አንቺ የምትቀመጪበት በርጩማ ግን ከቦታው አልተነሣም። ልጃችን ነርሲንግ ጨርሳ እንጅባራ አንድ የግል ክሊኒክ ከገባች አምስት ወሯ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለምሥራች አይደለም። ትናንት ያየሁትን ለማን እንደምነግረው አጥቼ ነው።

ሥራ ስትጀምር ዋስ አምጪ አሏት፤ እኔ ፈረምኩ። ዋናውን ዲፕሎማዋንም ያዙባት። ብዙም ሳይቆይ በየሳምንቱ እየደወለች፣ “አባ፣ ባዶ ካርቶን ላክልኝ፤ ወፍራም ወፍራሙን” ትለኝ ጀመር። ታውቂኛለሽ፣ ባዶ ካርቶን አልጥልም። ላዩ ላይ “ለሐያት” ብዬ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ በሚኒባስ ስልክላት ከረምኩ። “ሱቅ ልትከፍችብኝ ነው እንዴ?” እያልኩም እቀልድባት ነበር። ሳቋ ማጠሩን ልብ አላልኩም።

ትናንት ብርድ ልብስ ይዤላት ክሊኒኩ ድረስ ሄድኩ። መርፌ መውጊያው ክፍል ጥግ ላይ የእኔ ካርቶን ተቀምጧል፤ “ለሐያት” ይላል። እስከ አፉ ያገለገለ መርፌ ሞልቶታል፤ ጎኑን በስተው የወጡም አሉ። የልጅሽ ግራ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል። ልትደፋ ስትሸከመው አንዱ መርፌ መዳፏን ወግቷታል። ከማን ክንድ የወጣ መርፌ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ብቻዋን ጤና ጣቢያ ሄዳ አንድ ወር የሚዋጥ መከላከያ ጀምራለች። የመርፌ መጣያው ሳጥን ካለቀ ቆይቷል፤ በካርቶን ተጠቀሙ ተብለዋል።

ዘይነብዬ፣ በእኔ ካርቶን! ብርድ ልብሱን እንደታቀፍኩ ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ገባሁ። ባናግረው፣ “አይዞዎት አባቴ፣ ጀማሪን ሁሉ መርፌ ይወጋዋል፤ ትለምደዋለች” አለኝ። አዲስ ጫማ እግር እንደሚልጥ አድርጎ ነው የነገረኝ።

“ለምን ደበቅሽኝ?” ብላት፣ “አንተ ዋስ ሆነህ እንዴት ትቼ ልውጣ? ዓመት ካልሞላኝ የሥራ ልምድ ወረቀት አይሰጡኝም። ደግሞ ራስህ አይደለህ ቻል አድርጊው ያልከኝ?” አለችኝ። እውነቷን ነው። ጓንት እንደሌለ ስትነግረኝ፣ አዲስ ሱቅ ዓመት ሳይሞላው አይዘጋም ብዬ መክሬአታለሁ። ልጄን እንደ ሱቅ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሆስፒታሉ ቀን ትዝ አለኝ። ደም ልትቀዳሽ የመጣችው ወጣት ነርስ ጓንት አልነበራትም። መናገር እያቃተሽ ክንድሽን ሰበሰብሽና፣ “ሳታጠልቂ አትንኪኝ ልጄ፤ የኔ በሽታ ላንቺ እንዳይተርፍ” አልሻት። እኔ እያጉረመረምኩ ጓንት ፍለጋ ስንት መድኃኒት ቤት ዞርኩ። አንቺ ለማታውቂያት ልጅ የሳሳሽውን ያህል እኔ ለራሴ ልጅ አልሳሳሁም።

ትውጣ ብያለሁ። ወረቀቱ ቢቀር ይቅር። በዋስትናው የሚመጣውን እኔ እቀበላለሁ፤ የፈረመው እጅ የኔ ነው። ሌላ ሥራ እስክታገኝ ቤት ብትቀመጥም ትቀመጥ። የደም ምርመራዋ ውጤት ገና አልታወቀም። ያንን የሰበሰብሽውን ክንድ ግን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።

ነገ፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንጅባራ። መልቀቂያዋን አብሬያት ማስገባት፤ ዲፕሎማዋን መጠየቅ። ለፍራሿ ማሰሪያ ገመድ መያዝ።