ከሹራብ በላይ

ውድ ወዳጄ፣

«ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ሳሉ የአየሩ ነው፤ አንተ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወዳለህ።»

ሰኔ ውስጥ የምርመራ ክፍልህ በር ላይ ቆመህ ያልከኝ ቃል በቃል ይኸው ነው።

የባለቤቴ ጣቶች በመገጣጠሚያ ብግነት ሲያብጡና ሲጣመሙ መድኃኒቱን የመረጥክላት አንተ ነህ። ለዚያ ያለኝ ምስጋና አልተለወጠም። የዚያን ቀን ግን አንተ ደረቷን ልታዳምጥ ስትነሳ የሹራቧን አዝራሮች መፍታት አቃታት።

«ተዪው እቴ፣ አትልፊ» አልካት። «ከላይም ይሰማኛል።»

«እንዲህ ያለ ሐኪም ከየት ይገኛል! ባሌ እንኳ አዝራር ሲፈታልኝ ይነጫነጫል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ማዳመጫውን በወፍራሙ ሹራብ ላይ ነካ ነካ አድርገህ አነሳኸው። ጀርባዋ ጋ አልደረስክም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር፣ ወደምታስተምርበት ክፍል ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት በየደረጃው መታጠፊያ እየቆመች ማስታወቂያ የምታነብ መምሰል ጀመረች። ትናንት የሳንባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ አዝራሮቹን ራሷ ፈታች፤ ጀርባዋን ከታች በኩል አዳመጠች። የሕጻን ጫማ ተጣባቂ ማሰሪያ ቸርርር ብሎ ሲላቀቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አለ አለችን። ይኸው የመገጣጠሚያ በሽታ ሳንባ ላይም ጠባሳ ይፈጥራል፤ ሲቲ ስካኑም አረጋገጠ።

«ጣቴ አልበቃው ብሎ ነው?» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሟ ሳሉ መቼ እንደጀመረ ጠየቀች። ሰኔ ላይ «ንጹሕ ነው» መባሏን ባለቤቴ በኩራት ነገረቻት። ሐኪሟ እንዳለችን፣ ያ እውነት ከሆነ ጠባሳው በጥቂት ወራት የተስፋፋ ነው፤ ሰውነቷን ለሌላ በሽታ የሚያጋልጠውን ከባድ መድኃኒት ወዲያው መጀመር አለባት። የቆየና ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ ቀለል ያለ መንገድ አለ። ስለ ሹራቡ ስናገር ባለቤቴ ቱግ አለች።

«ወንድሜ የምለውን ሰው አታሳጣብኝ! አንተ መቼ ሰው ታምናለህ?»

ሐኪሟ ሁለታችንንም አየችና «ከሐኪሙ ከራሳቸው ልስማ» አለች።

እኔ የሕንጻ መርማሪ ነኝ፤ ልስኑ ሳይነሳ ግድግዳው ደህና ነው ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ልከስህ አላሰብኩም፤ ይቅርታ ጠይቀኝም አላልኩህም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ጀርባዋን ያለ ልብስ አዳምጠሃል ወይስ አላዳመጥክም? አንድ መስመር ይበቃል።

እንዳትደውል። ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፤ የነገርካትንም ሁሉ ታምናለች። ሐኪሞቹ የሚወስኑት ጥቅምት 18 ነው። መልስህን በጽሑፍ፣ ከነፊርማህ፣ እስከ ጥቅምት 17 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ።

ባለቤቷ