«ሁሉንም አይቻለሁ» የሚለው ቁልፍ

ጥር 6

ለፋብሪካው የምሠራውን የማስጠንቀቂያ ስክሪን ስሞክር ዋልኩ። አላርሙን ሆን ብዬ አስነሳለሁ፣ ይጮኻል፣ «አይቻለሁ» የሚለውን እጫናለሁ፣ ዝም ይላል። አንዱን ዝም ሳሰኝ ሌሎቹ ይነሳሉ። ጆሮዬ ጭው አለ። በመጨረሻ ለራሴ አንድ ቁልፍ ሠራሁ። ከላይ በቀኝ ጥግ፣ «ሁሉንም አይቻለሁ»። አንዴ ነካ፣ ሁሉም ጸጥ። እፎይ። ሙከራው ሲያልቅ አወጣዋለሁ።

ማታ ባለቤቴ ደጋግማ ጠርታኝ አልሰማሁም። «ላንተም አላርም መግጠም አለብኝ መሰለኝ» አለች።

ጥር 19

ስክሪኑ ሥራ ጀመረ። ኦፕሬተሮቹ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ከበቡኝ። ቁልፉን ማውጣት ረስቼዋለሁ። እዚያው ጥጉ ላይ ተገትሯል… ልናገር ስል ጋሽ ምናለበት ቀደሙኝ። ከሁሉም ታላቅ ናቸው። ምን ቢመጣ «ምን አለበት» ስለሚሉ ስማቸው እሱው ሆኖ ቀርቷል።

ተጫኑት። ጩኸቱ ባንዴ ቆመ። ወደ እኔ ዞረው፣ «እጅህ ይባረክ ልጄ። ስንት ዘመን ጆሯችንን ሲበላን የኖረ ነገር… እንዴት አሰብከው?»

«እናንተን አስቤ ነው» አልኩ።

ከየት መጣ ይሄ ቃል? አጨበጨቡልኝ። የቴክኒክ ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ፊቴ ሲግል ይታወቀኝ ነበር።

ጥር 20

ላውጣው? አሁን ባወጣው ምን ይሉኛል? ይቆይ።

የካቲት 3

ጋሽ ምናለበት በመቆጣጠሪያው ክፍል ሳልፍ ጠርተው ሻይ ጋበዙኝ። እንቢ ብልም አልለቀቁኝም። ስለ ልጃቸው ሠርግ እያወሩኝ አላርሙ ጮኸ። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ዘርግተው ጥጉን ነኩ። ስክሪኑን አላዩትም። እኔ አየሁ፣ ግን ምን እንደነበር ሳላነበው ጠፋ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሻዬን ጨረስኩና «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 17

ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገፋው ትልቁ ፓምፕ ተቃጠለ። ፋብሪካው ቆሟል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

የጋሽ ምናለበት ፈረቃ ነበር። አላርሙ በር ተከፈተ ብሎ ይጮኻል፣ ማጣሪያ ቆሸሸ ብሎ ይጮኻል፣ መብራት ቀነሰ ብሎ ይጮኻል… ጥጉን ነኩት። የፓምፑ ሙቀት መሀላቸው ነበር። ለበርም ለፓምፕም እኩል ቀይ የቀባሁት፣ እኩል ያስጮህኩት እኔው ነኝ።

የካቲት 18

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ ጠየቁ።

«አላርሙ ጮኾ ነበር?»

«ጮኾ ነበር» አሉ ጋሽ ምናለበት።

«አይቻለሁ ብለው ተጭነዋል?»

«ተጭኛለሁ።»

«አይተውት ነበር?»

«አላየሁትም።»

አንዱ ኦፕሬተር «እንደው ይሄ ቁልፍ እኮ…» ብሎ ሊጀምር ሲል ጋሽ ምናለበት አቋረጡት። «ቁልፉን ተወው። ልጁ እኛን አስቦ ነው የሠራው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እኛን አስቦ… መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉም ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ጫማዬ። እሳቸው ከሥራ ታገዱ። ሲወጡ አጠገቤ ቆም ብለው «አይዞህ» አሉኝ። እኔን።

የካቲት 19

እህል አልወርድ አለኝ። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብላ አላስቀምጥ ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«እና ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

ሳህኑን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 21

በሩ ድረስ ደርሼ ተመልሼ፣ ደግሞ ሄጄ… በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ቁልፉን ለራሴ ምቾት እንደሠራሁት፣ እንደረሳሁት፣ «እናንተን አስቤ» ያልኩት ነጭ ውሸት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም?»

«አፍሬ ነው።»

«ዛሬስ አላፈርክም?»

«ዛሬ ይብሳል።»

ከዚያ «ይሄንኑ ለኦፕሬተሮቹም ትነግራቸዋለህ» አሉኝ። ለሥራዬ ፈራሁ? ፈራሁ። ግን የኦፕሬተሮቹን ፊት ይበልጥ ፈራሁት።

የካቲት 22

ነገርኳቸው። ጋሽ ምናለበትም ተጠርተው መጥተው ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ስጨርስ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተሳደበም። አንድ በአንድ ወጡ። እሳቸውም ወጡ። አይዞህ አላሉኝም።

የካቲት 29

እገዳው ተነስቶላቸዋል። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ቁልፉን አወጣሁት። የማያስፈልገውን ጩኸት እስክለይ ድረስ ከየፈረቃው ጋር እንድቀመጥ ታዝዣለሁ። እስከዚያ ክፍሉ እንደ ድሮው ይጮኻል። ኦፕሬተሮቹ ሳልፍ ያጉረመርማሉ። «ገላገልከን ስንል መልሰህ ነከርከን» አለኝ አንዱ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው።

መጋቢት 2

ዛሬ ተራው የጋሽ ምናለበት ፈረቃ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰላምታ ሰጡኝ፣ ሌላ ወሬ የለም።

አላርሙ ጮኸ። እጄ… በራሱ ነው የሄደው፣ ወደ ቀኝ ጥግ። ባዶ ቦታ ነካሁ። አዩኝ።

«ይቅርታ ጋሼ» አልኩ። ለዚያች ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ለምርቃታቸው፣ ለሻያቸው፣ ለዚያ ለአይዞህ…

ጠበቅኩ። ምን አለበት ይላሉ ብዬ። ለሁሉም ነገር ይሉት የለ?

አላሉም። ወንበሬን ይዘው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አደረጉኝ።

«አንብበው። ጮክ ብለህ።»

አነበብኩ። የመጋዘኑ በር ተከፍቷል ነው የሚለው።

«ለዚህ መጮህ ነበረበት?»

«አልነበረበትም።»

«እንግዲያው አስተካክለው።»

ከሚጮኹት ውስጥ አወጣሁት። እጃቸውን አጣጥፈው ሲያዩኝ ነበር። ቀጣዩ ጮኸ።

«አንብበው» አሉ።