ከሥዕሉ ሥር ያለው ቃል

ሰኞ

ለማንም ያልነገርኩት ነገር ይኸው፤ ሞግዚት ናት ያልኳት ሴት የባሌ እናት ነበረች።

ይህን አንድ መስመር ጽፌ ተነሣሁ። ዕቃ አጠብኩ። ተመለስኩ። ከዚህ በላይ ዛሬ አልችልም። የሥራውን ነገር ልጻፍ።

አሜሪካ፣ ኧርቪንግ ከተማ ያለው አሳታሚ ቤታችን መንፈሳዊ መጻሕፍት ያወጣል። በአማርኛው ክፍል ሦስት ነን። ፓስተር ግርማ ይተረጉማሉ፣ አጁሉ ገጹን ታዘጋጃለች፣ እኔ አርማለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ሲሰጡኝ የኮራሁትን ኩራት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ዳይሬክተሩ ስለ ዘርና ስለ መከባበር ስልጠና አለ፣ ሁሉም ሠራተኛ ይገባል አለን። ዳይቨርሲቲ ትሬይኒንግ ነው የሚሉት። አዳራሹ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ከወንጌል ሌላ አስተማሪ አያስፈልገንም፣ ይሄ ከዓለም የመጣ ነው አለ። ገሚሱ ወንጌል ስናሳትም ኖረን መች ተከባበርን አለ። ፓስተር ግርማ ወደ እኛ ዞር ብለው ይህ የአሜሪካኖቹ የነጭና የጥቁር ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም አሉ።

አጁሉ ሳቀች። የጋምቤላ ልጅ ናት።

«ፓስተር፣ እኛስ ውስጥ ጥቁሩ ማነው?»

ሳቋ አላማረኝም።

ማክሰኞ

ነገሩ ወጣ። የልጆች መጽሐፋችን ሁለተኛ እትም ዓርብ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አንዱ ገጽ ላይ ጌታው ከመንገድ ሲመለስ በር የሚከፍትለት ሰው አለ። ሥዕሉን ያሳሉት አሜሪካኖቹ ናቸው። ሁሉም ዓይነት መልክ ይኑርበት ብለው በር ከፋቹን በጣም ጥቁር፣ መልከ መልካም አደረጉት። በደግ ልብ ነው። እኛ ደግሞ ከሥሩ «ባሪያው በሩን ከፈተ» ብለን ጻፍንበት።

የአጁሉ ልጅ አንደኛ ክፍል ናት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰንደይ ስኩል ውስጥ አንድ ልጅ ጣቱን ሥዕሉ ላይ፣ ቀጥሎ እሷ ላይ አደረገ። መኪና ውስጥ እናቷን «ማሚ፣ ባሪያ እኔ ነው?» አለቻት።

አጁሉ «አገልጋይ» ይባል ትላለች። ፓስተር ግርማ መጽሐፉ ባሪያ ነው የሚለው፣ እኛም የጌታ ባሪያዎች ነን እንል የለም ወይ፣ ክብር ነው አሏት።

«ለእርስዎ ክብር ነው» አለች። «እርስዎን መንገድ ላይ እንደዚያ ብሎ የጠራዎት የለም።»

እንዳለ ከታተመ እዚህ አልገኝም ብላ ተቀመጠች። እኔ መነጽሬን እጠርግ ነበር። ንጹሕ ነበር።

የመጀመሪያውን እትም ያረምኩት እኔ ነኝ። ያ ገጽ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ማስተካከሌን አስታውሳለሁ። ቃሉን አይቼ አለፍኩት።

ረቡዕ

መጽሐፋችንን የሚገዙ አንዳንድ ቤተ ክርስቲያኖች ደውለው ተቆጡ መሰለኝ። ስልጠናው ኦፕሽናል ሆኗል፤ የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ይቀራል። ፓስተር ግርማ ተመስገን አሉ። አጁሉ ከስክሪኗ ቀና አላለችም። እሷን ከመሄድ የማያስቀር ስልጠና ምን ይረባል?

አሁን የሰኞውን ልጨርስ።

ገና አገር ቤት ሳለን፣ ልጄ የተወለደች ጊዜ ዘመዶቼ ሊጠይቁኝ ቤቱን ሞሉት። የባሌ የተስፋዬ እናት፣ ወይዘሮ አማረች፣ ከቦንጋ መጡ። ማር ይዘው፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው። እኔ ተስፋዬን ያገባሁት ለዘመዶቼ እናቱ ሞታለች ብዬ ነው። እሱ ቀላ ያለ ስለሆነ የጠረጠረ አልነበረም። እሳቸው ግን ጥቁር ነበሩ፣ ያገራቸው ሰውም የባሪያ ልጅ እያለ ነበር የሚጠራቸው። አክስቴ ይህቺ ደግሞ ማናት አለች። ተስፋዬን ያሳደገችው ሞግዚት ናት አልኩ። አንቱታውን ትቼ፣ እየሰሙ።

እሳቸው ልጄን ታቅፈው ነበር። ለአክስቴ ሰጧትና የእጅ ማስታጠቢያውን አንሥተው እንግዳውን አስታጠቡ። እኔንም አስታጠቡኝ። ተስፋዬ በሩ ጋ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልመጡም። እሱም እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሣብኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ስልጠናው ገባሁ። ወንበሩ አብዛኛው ባዶ ነው። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለልጃችሁ እንዲባል የማትፈልጉት ቃል አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አጁሉ እኔን አየችኝ።

እኔም ትርጉሙ ያስቸግራል አልኩ። ሴትየዋ ገብቷት እንደሚያመሰግን ሰው ራሷን ነቀነቀችልኝና ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ወደ ቤት ሁልጊዜ የምታደርሰኝ አጁሉ ናት። ዛሬም አልተወችኝም። ሃይዌዩ ላይ መኪናው ቆም ሲል ብቻ ተናገረች።

«እትዬ ዘውዴ፣ መጀመሪያ ሲታተም አይተውት ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምንም አልመሰለዎትም?»

«መስሎኛል።»

ራዲዮውን ከፈተችው። ቤቴ በር ላይ ደህና እደሩ አለችኝ። ሌላ ጊዜ ብርድ ነው ይግቡ ትለኛለች።

ዓርብ

ጠዋት ፓስተር ግርማ የእርማቱን ቅጂ ይዘውልኝ መጡ። የእኔ ፊርማ ከሌለበት አይሄድም። አልፈርምም አልኩ። ድምፄ ስለቀጠነ መጀመሪያ አልሰሙኝም።

«እህት ዘውዴ፣ ትሬይኒንጉ ያዘዎት እንዴ?» ብለው ቀለዱ።

«የተስፋዬ እናት በዚህ ቃል ሲጠሩ ነው የኖሩት» አልኳቸው። «እኔም አፍሬባቸው ቤቴ ውስጥ ሞግዚት አደረግኳቸው።»

ተስፋዬን ሆስፒታል የጠየቁት፣ የቀበሩት ፓስተር ግርማ ናቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወንድም ተስፋዬ ስለ እናቱ ነግሯቸው እንደማያውቅ፣ እናቴ ጸሎተኛ ነበሩ ከማለት ሌላ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። አላለቀሱም፣ አልገሠጹኝም። ብዕሬን ወሰዱና ከሥዕሉ ሥር ያለውን ቃል ራሳቸው ሰርዘው «አገልጋይ» ብለው ጻፉ። በመጽሐፉ ንባብ ውስጥ ያለውን «ባሪያ» ግን የቤቱን ቦርድ ሳልጠይቅ አልነካም አሉ። ስድስት ሰዓት ላይ እንዲሁ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ሄደ።

ለአጁሉ ልነግራት ስዞር ጠረጴዛዋ ባዶ ነው። የልጇን ፎቶ ወስዳለች። ኮል አደረግኩላት። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ አግኝታለች፣ ሰኞ ትጀምራለች።

«ከሥዕሉ ሥር ያለው ተቀይሯል» አልኳት።

«ውስጡስ?»

«ውስጡ ገና ነው።»

ከኋላዋ የልጇ ድምፅ ይሰማል፣ የሆነ ነገር ትዘፍናለች።

«እሺ እትዬ። ደህና ይሁኑ።»

ይቅርታ ልላት ነበር። ስልኩ ተዘጋ። ባይዘጋም እል እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ልጄ ሰላማዊት ሳክሲ ያለው ቤቷ ወሰደችኝ። ምሳ አበላችኝ፣ ልጆቿ ጮኹ፣ ባሏ ሣር አጨደ። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ የአባቷ ፎቶዎች አሉ። አንዱ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት ሰላማዊትን ጨቅላ ሳለች ታቅፋለች። ጎረቤቷ ማናት ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ። አባዬን ያሳደገችው ሞግዚት ናት አለች፣ በፍቅር፣ በጣም ትወደው ነበር ይባላል ብላ። ከእኔ ነው የሰማችው።

አፌን ከፈትኩ። ልጆቹ መጡ፣ ኬክ ተቆረጠ። ማሚ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ደክሞኛል አልኩ። እንደገና። ለፓስተር የቻልኩትን ለልጄ አቃተኝ።

እነዚህን ገጾች ለአጁሉ ልስጥ ብዬ ነበር። አልሰጥም። በቂ ተሸክማለች፣ የእኔን ጸጸት ደግሞ ተሸከሚልኝ አልላትም።

ነገ ጠዋት ገጾቹን ይዤ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ካነበበች በኋላ ትደውልልኝ አትደውልልኝ አላውቅም። ፖስታው ላይ አድራሻውን አሁን ጽፌዋለሁ፤ ፊደሉ አላማረም፣ ግን ይነበባል።

ይድረስ ለሰላማዊት፣ ለወይዘሮ አማረች የልጅ ልጅ።