ያጠፋኋት አንዲት መስመር

መካነ ሰላም፣ ማክሰኞ ሰኔ 25 ቀን 2005 ዓ.ም.



ጠዋት እኔ የምቆጣጠረው የትምህርት ቤታችን የውጤት ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ አልከፈት አለ። ገጹን የምታወጣው ሰርቨር «የታግ ላይብረሪው አልተገኘም» ትላለች፤ የገጹን ትእዛዞች የሚፈታላት ፋይል ጠፍቷል ማለቷ ነው። ወላጆች በር ላይ ቆመዋል። ቸኮልኩና ላይብረሪውን የምትጠራውን መስመር ከገጹ አጠፋኋት። ተከፈተ። ደስ አለኝ።

ጥበቃችን ጋሽ ሰይድ የልጃቸውን የዘሃራን ውጤት ጠየቁኝ። ከስሟ ስር ያለውን በገዛ አፌ አነበብኩላቸው፦ «አልተዛወረም»። «አላህ ያለው ነው» ብለው ወጡ።

ቀጥዬ የከፈትኩት ከክፍሏ አንደኛ የወጣችውን ልጅ ውጤት ነበር። ከእሷም ስም ስር «አልተዛወረም» ይላል። ክው አልኩ። ለካ ያ ቃል ለወደቀ ብቻ እንዲወጣ የሚለየው ላይብረሪው ነው፤ እሱ ከሌለ ሰርቨሯ ለሁሉም ትጽፈዋለች። የላይብረሪውን ፋይል ፈልጌ ሰርቨሯ የምታነብበት ፎልደር ውስጥ ከትቼ፣ መስመሯን እስክመልስ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ገጹን እንደገና ስከፍተው ዘሃራ ተዛውራለች።

ወደ በሩ ሮጥኩ። ተረኛው ጥበቃ፣ «ሰይድ? ልጁን ይዞ ደሴ ሄደ እኮ፣ ፓስፖርት ሊያወጣላት። ከወደቀች አረብ አገር ትሄዳለች ብለው ጨርሰው ነበር» አለኝ።

ስልካቸው ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። የተሳፈሩበት መኪና አሁን መንገድ ላይ ያለችውን አቀስታን ሳያልፍ አልቀረም።