ሟቿን ለስብሰባ ስለሚጠራው ማሽን

ለተከበሩ ጓድ መሸሻ
የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ

ጥር 1981 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለእርስዎ ዕድሜን፣ ለማሽንዎም የማይጠፋ መብራትን እመኛለሁ።

ባለቤቴ ወለተጻድቅ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ማሽንዎ ግን በየወሩ ለሴቶች ማኅበር ስብሰባ መጥሪያ ያትምላታል፤ እሷም በየወሩ ትቀራለች። በዚህም የተነሳ የቀበሌያችን ሱቅ፣ የቀረችበትን ምክንያት ራሷ ቀርባ እስክታስረዳ ድረስ የእኔንና የልጄን የትርንጎን ስኳርና ዱቄት ይዞብናል። እሷን ማቅረቡ ከአቅሜ በላይ ቢሆንብኝ ለእርስዎ መጻፉን መረጥኩ።

አንደኛ፣ ከእርስዎ ዘንድ የሚሠራው ጎረቤቴ ጀላል፣ ሙታንን ከመጥሪያ የሚያስወጣ አዲስ የፕሮግራም ክፍል «ሲ» በሚሉት የማሽን ቋንቋ ጽፎ በመጨረሱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እንዳስረዳኝ ፕሮግራማችሁ ክፍል በክፍል ተሠርቶ በኋላ የሚገጣጠም ነው። የቀረው ነገር ማሽኑ ሲገጣጥም በሚያየው ዝርዝር ላይ የአዲሱን ክፍል ስም በአንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው አሉ። እስኪጨመር ድረስ ግን፣ ወለተጻድቅን እንዳልሞተች እንደሚቆጥራት ሁሉ፣ ማሽኑ አዲሱንም ክፍል እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል።

ሁለተኛ፣ ለዚህች መስመር ኮሚቴ በማቋቋምዎ ክብር ተሰምቶናል። ኮሚቴውም አዲሱ ክፍል ከነባሮቹ ጋር ተስማምቶ መሥራቱ በተግባር ሳይታይ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳይገባ ወስኗል። ዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባ ከነባሮቹ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ጀላልን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ኮሚቴውን ከማንቀሳቀስ እትዬን ማስነሳቱ ይቀላል» ብሎኝ እርፍ።

ሦስተኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ስሟን ታትሞ ሳየው ልቤ ደስ የሚለው ጊዜ አለ፤ በሕይወት አለች የሚል መሥሪያ ቤት በቀላሉ አይገኝማ። ይህን ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ «ስሟን ቤተ ክርስቲያን ትጥራው፤ መንግሥት ይተዋት፣ ትረፍ» አሉኝ። እኔም በዚሁ ጸንቻለሁ። እርስዎም ያቺን መስመር አስጽፈው ሟቿን ቢያሳርፏት፣ እኛን ቢያበሉን፣ ምን ይጎዳዎታል?

ትዕግሥትን ሳልለምንዎ ያስተማሩኝ ታላቅ መምህሬ ሆይ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
ቀለመወርቅ ኃይለ መስቀል
ከኮልፌ 18 ማዞሪያ

ተጨማሪ፦ ይህን አሽጌ ሳልጨርስ ሌላ መጥሪያ መጣ። ወለተጻድቅ የሴቶች ማኅበር ተወካይ ሆና የኮሚቴዎ አባል እንድትሆን ተመርጣለች። እንኳን ደስ አላችሁ፤ ከነባሮቹ አባላት ጋር ተስማምታ እንደምትሠራ ለማመን እሷን እንኳ በተግባር ማየት አያስፈልግም።