በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው የሥዕል ተማሪ የሆኑት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ እናታችን ታላቋ፣ ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አክስታችን ደግሞ ታናሿ። አያታችን በሠሩላቸው በአንድ አልጋ አብረው ተኝተው አደጉ፤ ብርድ ልብሱን ማን እንደሚጎትት ግን ያኔም አልተማመኑም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1972 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው ከማቅለሚያ ክፍል የወጣውን ጨርቅ ከናሙናው ጋር ማመሳከር ነበር። የአምፖል ብርሃን ያታልላል ብለው ስለሚያምኑ፣ ጨርቁን ወደ መስኮት ወስደው ካላዩት በቀር አይፈርሙም። «እስቲ ልየው» የሚለው የዘወትር ንግግራቸው ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ። ቤትም ውስጥ ያው ነበሩ። ጥርሴን ቦረሽኩ ያለ ልጅ አፉን ይከፍታል፤ ዝናብ ያዘኝ ያለ ባል ጃኬቱ ይዳሰሳል። አባታችንን በ1974 ዓ.ም. ያገቡት ሦስት ጊዜ ሰው ልከው ካስጠኗቸው በኋላ ነው። አባታችን «አራተኛውን ሰላይ የመረጥኩላት እኔው ነኝ» እያሉ ያስቁን ነበር።

አናጢው አያታችን በ1996 ዓ.ም. ባረፉ ዕለት የእጅ ሰዓታቸው ከራስጌያቸው ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ሲያስታምሙ የነበሩት አክስታችን ብቻ ነበሩ። እናታችን በአፋቸው አልከሰሱም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግን አክስታችን በመጡ ቁጥር የመኝታ ቤቱን በር ይቆልፉ ነበር። አክስታችንም ቁልፉ ሲዞር ሰምተው መምጣት ተዉ።

እናታችን በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በዓመቱም ኮሌጅ እገባለሁ አሉ። ቤተሰቡ ሒሳብ አያያዝ እንዲማሩ መከረ። እርሳቸው የመረጡት የሥዕል ዲግሪ ነው። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ «በሌላው ትምህርት ሰው የነገረኝን አምኜ ነው የምፈተነው፤ በሥዕል ግን በዓይኔ ያየሁትን» አሉ። ይህን መልስ ማናችንም አልተቀበልነውም። አባታችን ከቤት ለመውጣት መንገድ እየጠረጉ ነው ብለው ጠረጠሩ። እኛ ልጆቻቸው ኮሌጁ የአጭበርባሪ ቤት እንዳይሆን ብለን በየተራ እየሄድን ግቢውን ቃኘን። እናታችን ደረሱብን፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ መንገድ እየቀየሩ ይሄዱ ጀመር።

የመመረቂያ ሥራቸው አንድን ሰው ለአንድ ሴሚስተር ፊት ለፊት አስቀምጦ መሣል ነበር። አባታችን እኔ አለሁ ቢሉ፣ «አንተን ስሥል አዝንልሃለሁ፤ የማላዝንለት ሰው ነው የምፈልገው» ብለው አክስታችንን አስጠሩ። አክስታችንም መጡ። «እትዬ ሌባ አድርጋ ከሣለችኝ አይቀር፣ ቁጭ ብዬ ልጠብቃት» ነበር ያሉት።

ሥዕሉ ሲያልቅ መምህራቸው ቆም ብለው አዩትና «እጅዎ ጥሩ ነው። ግን የክስ ማመልከቻ ነው የሠሩት፤ ሴትዮዋ የሉበትም» ብለው ከማለፊያ በታች ነጥብ ሰጡት። እናታችን መጀመሪያ መምህሩ ቂም ይዘውብኝ ነው አሉ። ሸራውን ቤት አምጥተው መስኮቱ ሥር አቆሙት፤ ሲመላለሱም ያዩት ነበር። በመጨረሻ ፊቱን በስለት ፍቀው አጠፉት፤ ዓመቱንም ለመድገም ተመዘገቡ።

አክስታችን እንደገና ሲጠሩ፣ «አሁን ደግሞ ምን ጎደለ? ሰዓቱን እጄ ላይ ልታስርልኝ ነው?» አሉ፤ ሆኖም አልቀሩም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፉ ጀመር። እናታችን ብሩሹን አስቀምጠው ተመለከቷቸው። ማታ ለአባታችን፣ «እኔ ባለሁበት ክፍል ተኛች እኮ። እኔ አባባ ከሞተ ወዲህ እሷ ባለችበት ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም» ብለው ነገሯቸው። የሣሉትም ያንን እንቅልፍ ነው። በ2012 ዓ.ም. ተመረቁ። አክስታችን ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር መርምረው አፋቸው ለምን እንደተከፈተ ጠየቁ። ስለ ሰዓቱ ግን ሁለቱም ቃል አልተነፈሱም።

ከምረቃ በኋላ የፋብሪካ ባልደረቦቻቸውን እየጠሩ ይሥሉ ነበር። ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። የሐኪሙን ውጤት ለሌላ ሐኪም፣ የዚያኛውንም ለሦስተኛ አሳዩ፤ ሦስቱም አንድ ነገር ሲናገሩ «ተመካክረው ነው» አሉ። ሲደክሙ ያስታመሟቸው አክስታችን ናቸው።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሳምንት እኛን ልጆቻቸውን ለብቻ ጠርተው በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንዲነበብ አንድ ቃል ሰጡን፦ «የአባባን ሰዓት እህቴ አልወሰደችም።» ማን እንደወሰደው አወቁ ወይ ብለን ጠየቅናቸው። አላወቅሁም አሉ። ታዲያ በምን አረጋገጡ አልናቸው። «አላረጋገጥኩም። እንዲሁ ይነበብ» አሉ።

ትናንት ይህን ለአክስታችን ስንነግራቸው፣ «በሕይወት እያለች ለምን ለኔ አልነገረችኝም? እናንተ እኔን ለማጽናናት የጨመራችሁት እንዳይሆን» ብለው ጠይቀውናል። አልጨመርንም፤ ቃሉ የእናታችን ነው።

እናታችን ማክሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም የአባታቸውን ሰዓት ያልወሰዱ አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ብዙ ሳይመረምር ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።